ሪፖርት ያደረገችውን መቅጣት፦ ኃላፊ ነርሶችና የዲሲፕሊን ፍትሕ

በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ከባድ ኃላፊነት ከአነስተኛ ሥልጣን ጋር የተጣመረበትን የሥራ መደብ ጠቁሙ ብንባል፣ ያለ ማመንታት የምንጠቁመው የዋርድ ኃላፊ ነርስን መደብ ነው። ኃላፊ ነርሷ የተረኞችን መርሐ ግብር ታወጣለች፤ የጠዋቱንና የማታውን ርክክብ ትከታተላለች፤ የዋርዱን መድኃኒት ትቆጣጠራለች፤ የሐኪሙ ትእዛዝ መፈጸሙን፣ የታካሚው ካርድ በአግባቡ መሞላቱን ታረጋግጣለች። ይሁን እንጂ ተጨማሪ ነርስ መቅጠር አትችልም፤ ያለቀውን ጓንት መግዛት አትችልም፤ አልጋ ሞልቷል ብላ በራሷ ፈቃድ ታካሚ መመለስም አትችልም። እነዚህ ውሳኔዎች የሚሰጡት ከእርሷ በላይ ባሉ ቢሮዎች ነው። አደጋ በደረሰ ጊዜ ግን ማብራሪያ እንድትሰጥ የሚጠይቀው ደብዳቤ አስቀድሞ የሚደርሰው ለእርሷ ነው።

በኃላፊ ነርሶችና በማኔጅመንት መካከል የሚነሣውን ግጭት ብዙ ጊዜ የምንሰማው እንደ ሠራተኛ አቤቱታ ብቻ ነው። በእርግጥም የሠራተኛ መብት ጉዳይ ነው። ነገር ግን በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንሻው ጉዳዩ ከዚያም አልፎ የሳይንስ ጥያቄ መሆኑን ነው። ያላግባብ የሚቀጣ ሆስፒታል ስለ ራሱ የሚያገኘውን መረጃ ያጣል። መረጃው ሲጠፋ ደግሞ ዕዳውን የሚከፍለው አልጋ ላይ የተኛው ታካሚ ነው።

ብዙ ስሕተት የተመዘገበበት ዋርድ

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኤሚ ኤድመንድሰን የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በሁለት ሆስፒታሎች በሚገኙ ስምንት ክፍሎች ውስጥ የመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተትን አጥንታ ነበር። የጠበቀችው ውጤት ማንኛችንም የምንጠብቀው ነው፤ በደንብ የሚመራና እርስ በርሱ የሚግባባ የሥራ ቡድን አነስተኛ ስሕተት ይኖረዋል የሚል። ያገኘችው ግን ተቃራኒውን ሆነ። ጥሩ ኃላፊ ነርስ ባለባቸው ክፍሎች የተመዘገበው የስሕተት መጠን ከሌሎቹ ከፍ ያለ ነበር።

ምክንያቱን ለማወቅ፣ ውጤቱን የማያውቅ ሌላ ተመልካች ወደ ክፍሎቹ እንዲገባ ተደረገ። በአንዳንዶቹ ክፍሎች ነርሶች ስለ ስሕተታቸው ለኃላፊያቸው በግልጽ ሲናገሩ፣ በሌሎቹ ግን ተግሣጽን ፈርተው ሲደብቁ ተመለከተ። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመው ይህ ጥናት የሰጠው ማብራሪያ ግልጽ ነው። በጥሩ ኃላፊ ሥር የበዛው ስሕተቱ ሳይሆን የስሕተቱ መታወቅ ነው።

እንግዲህ የዚህን ግኝት ትርጉም በአንድ ሥራ አስኪያጅ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን እንየው። የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ቀርቧል። የአንዱ ዋርድ ዓምድ ባዶ ነው፤ የሌላው ዋርድ ዓምድ አሥር ስሕተት ይዟል። ሥራ አስኪያጁ ቁጥሩን ብቻ አይቶ ባዶውን ቢያመሰግንና አሥሩን ቢቀጣ፣ የቀጣው ሐቀኛዋን ኃላፊ ሊሆን ይችላል። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ሁለቱም ዓምዶች ባዶ ይሆናሉ። ሪፖርቱ ያምራል፤ በዋርዱ ውስጥ ግን የተለወጠ ነገር የለም። ትኩሳት አሳየ ብለን ቴርሞሜትሩን ብንሰብረው የታካሚው ትኩሳት አይወርድም። ኃላፊ ነርስ ለሆስፒታሉ እንዲህ ያለች መለኪያ ናት።

ከውጤቱ ወደ ኋላ ሲታይ

ለመሆኑ ቅን ልቦና ያላቸው የማኔጅመንት አባላት ሳይቀሩ ለምን ያላግባብ ይፈርዳሉ? የሥነ ልቦና ሳይንስ ሁለት መልሶች አሉት። ባሩክ ፊሽሆፍ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ የአንድን ነገር መጨረሻ ያወቀ ሰው ያ መጨረሻ አስቀድሞም ሊታወቅ ይችል እንደነበረ አድርጎ ይገምታል። ጆናታን ባሮንና ጆን ኸርሺ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1988 እንዳሳዩት፣ ያው አንድ የሕክምና ውሳኔ መጨረሻው ሲያምር እንደ ጥሩ፣ መጨረሻው ሲከፋ እንደ መጥፎ ውሳኔ ይቆጠራል።

በምሳሌ እንየው። አንዲት ኃላፊ ነርስ ሰው ስላነሳት ለሠላሳ ታካሚዎች ሁለት የሌሊት ተረኞች ብቻ መደበች እንበል። ሰኞ ሌሊት ምንም ሳይደርስ ነጋ። ማክሰኞ ሌሊት በዚያው ምደባ አንድ አዛውንት ታካሚ ከአልጋ ወድቀው ወገባቸው ተሰበረ። ምደባው በሁለቱም ሌሊት አንድ ነው፤ ዕውቀቷም አንድ ነው፤ የሰው ኃይሉም አንድ ነው። የዲሲፕሊን ክስ የሚመጣው ግን በማክሰኞው ብቻ ነው። ይህ ከሆነ የተቀጣው ውሳኔው አይደለም፤ ዕድሉ ነው። ጥፋት አለ ከተባለ በሰኞውም ሌሊት ነበረ፤ የነበረውም ሁለት ነርስ ለሠላሳ ሰው እንዲበቃ በተፈቀደበት ቢሮ ጭምር ነው።

በዚህ ላይ አንድ ሌላ ነገር ይታከላል። ኃላፊ ነርሷ ከወራት በፊት የሰው ኃይል እጥረት መኖሩን በደብዳቤ አሳውቃ ሊሆን ይችላል። ደብዳቤው መልስ ሳያገኝ ይቀራል። ደጋግማ ስትጽፍ «ከማኔጅመንት ጋር የማትግባባ» የሚል ስም ይወጣላታል። በኋላም የፈራችው ሲደርስ፣ ያ ስም በክሱ ውስጥ እንደ ተጨማሪ ማስረጃ ይቆጠርባታል። ማስጠንቀቂያው ራሱ ጥፋት ሆነ ማለት ነው። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለው ብሂላችን ለእንዲህ ያለው አሠራር በትክክል ይስማማል።

ትንኞቹና ያቆረው ውኃ

ስለ ሰው ልጅ ስሕተት ሰፊ ጥናት ያደረገው እንግሊዛዊው ጄምስ ሪዝን እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በሥራ ላይ የሚፈጸሙ ስሕተቶችን ከወባ ትንኞች ጋር አነጻጽሯቸዋል። ትንኞቹን አንድ በአንድ መግደል ይቻላል፤ መምጣታቸውን ግን አያቆሙም። ዘላቂው መፍትሔ የሚፈለፈሉበትን ረግረግ ማድረቅ ነው። የወባን ጉዳይ በትምህርት ብቻ ሳይሆን በኑሮም ለምናውቅ ለእኛ ይህ ንጽጽር ማብራሪያ አያሻውም።

ያልተበረዘ ፖታሲየም ክሎራይድ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። ይህ መድኃኒት ሳይበረዝ በፍጥነት በደም ሥር ከገባ ልብን ያቆማል። ጠርሙሱ ከሌሎች የመርፌ መድኃኒቶች ጋር ስለሚመሳሰል በተለያዩ አገሮች በስሕተት እየተሰጠ ሕይወት አጥፍቷል። ከአደጋው በኋላ የሰጠችውን ነርስና ኃላፊዋን መቅጣት ቀላል ነው፤ ጠርሙሱ ግን በነበረበት መደርደሪያ ላይ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ1998 የአሜሪካ ሆስፒታሎችን ደረጃ የሚያረጋግጠው አካል ያወጣው ማስጠንቀቂያ የመከረው ጠርሙሱ ከዋርድ እንዲነሣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ካደረጋቸው ዘጠኝ የታካሚ ደኅንነት መፍትሔዎች መካከል እንዲህ ያሉ መድኃኒቶችን መቆጣጠር አንዱ ነው። መድኃኒቱ ከመደርደሪያው ከተነሣ፣ የደከመች ነርስ በሌሊት ብትሳሳት እንኳ የምታነሣው ጠርሙስ አይኖርም።

አቪዬሽን ይህን ትምህርት ያገኘው በውድ ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1974 የትራንስ ወርልድ አየር መንገድ በረራ 514 ወደ ዋሽንግተን ሲቃረብ ከተራራ ጋር ተጋጭቶ የነበሩበት 92 ሰዎች በሙሉ አለቁ። በምርመራው እንደታወቀው፣ ከስድስት ሳምንት ያህል በፊት የሌላ አየር መንገድ አብራሪዎች በዚያው ስፍራ በተመሳሳይ አለመግባባት ለጥቂት ተርፈው ነበር። እነርሱ ለድርጅታቸው ሪፖርት አድርገዋል፤ መረጃው ግን ለሌሎቹ አብራሪዎች አልደረሰም። ከዚህ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1976 አብራሪዎች ስሕተታቸውን ያለ ፍርሃት የሚያሳውቁበት ሥርዓት ተቋቋመ። ሥርዓቱን እንዲያስተዳድር የተመረጠውም ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቀጣው የአቪዬሽን ባለሥልጣን ሳይሆን የጠፈር ምርምር ተቋሙ ናሳ ነው። የሚቀጣውና የሚያዳምጠው አካል አንድ ከሆነ ማንም እንደማይናገር ታውቆ ነበርና።

የሰው ዋጋ

ያላግባብ የሆነ የዲሲፕሊን ሂደት ራሱ ጉዳት ያደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ለንደን ውስጥ አንድ ነርስ በዲሲፕሊን ውሳኔ ከሥራ ተሰናበተ፤ በ2016 መጀመሪያ ላይም ሕይወቱን አጠፋ። በ2018 ይፋ የሆነው ገለልተኛ ምርመራ ነርሱ በፍትሐዊነት እንዳልተስተናገደ አረጋገጠ። ከዚህም የተነሣ በግንቦት 2019 የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ኃላፊዎች ለሆስፒታሎች በሙሉ ደብዳቤ ጻፉ። መደበኛ ክስ ከመመሥረቱ በፊት አስፈላጊነቱ እንዲመዘን፣ መርማሪው ገለልተኛ እንዲሆን፣ ከሥራ ማገድ የመጨረሻ አማራጭ እንዲሆን፣ የተከሰሰው ሰው ጤንነትም እንዲታሰብ አሳሰቡ። ይህ ሁሉ የተጻፈው አንድ ሰው ከሞተ በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል።

በአገራችን ሕግ የዲሲፕሊን ቅጣት ዓላማ የታወቀ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515፣ ኋላ በሌላ አዋጅ ቢተካም፣ የቅጣቱ ዓላማ ሠራተኛው ከጥፋቱ ተምሮ እንዲታረም፣ የማይታረም ከሆነም እንዲሰናበት መሆኑን ደንግጎ ነበር። ቅጣቶቹንም ከቃል ማስጠንቀቂያ እስከ ስንብት በስድስት ደረጃ ዘርዝሯል። ከዋርድ ወደ ዋርድ ማዛወር በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ሆኖም «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» በሚል አንድ መስመር ደብዳቤ ኃላፊነትን መንጠቅና ማዛወር፣ ክስ ሳይቀርብና መልስ ሳይሰማ እንደ ቅጣት ሊያገለግል ይችላል። ስሙ ቅጣት ባይሆንም ባልደረቦቿ ሁሉ ትርጉሙን ያነቡታል፤ የሚማሩትም ዝምታን ነው።

ተጠያቂነት ይቅር ማለታችን ነውን?

አንዳንድ አንባቢ «እንግዲያው ነርስ አትጠየቅ ማለታችሁ ነው?» ሊለን ይችላል። አይደለም። መድኃኒት የሰረቀ፣ ጠጥቶ ተረኛ የገባ፣ ያልሰጠውን መድኃኒት ሰጥቻለሁ ብሎ የፈረመ፣ ታካሚን ያዋረደ ሰው ኃላፊም ይሁን ጀማሪ በሕግ ሊቀጣ ይገባል። ኃላፊ ነርሶችም ራሳቸው በሥራቸው ባሉ ነርሶች ላይ ያላግባብ የሚፈርዱበት ጊዜ አለ። ከላይ የሚጠይቁትን ፍትሕ ወደ ታች ካልሰጡ አቤቱታቸው ግማሽ ነው። እኛ የምንለው ስሕተትንና ጥፋትን የሚለይ መለኪያ ይኑር ነው።

መለኪያው አስቸጋሪ አይደለም። ሪዝን ያሰራጨውና እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት መመሪያም የተካተተው አንድ ጥያቄ አለ። «ተመሳሳይ ሥልጠናና ልምድ ያላት ሌላ ነርስ በዚያው ሌሊት፣ በዚያው የሰው ኃይል፣ በዚያው ዕቃ እርሷም እንዲሁ ታደርግ ነበርን?» መልሱ አዎን ከሆነ ሰውየዋን መቀየር ምንም አይፈይድም፤ የምትተካትም ነገ እዚያው ላይ ትወድቃለች።

ሁለተኛው የምናቀርበው ሐሳብ፣ የአደጋን መንስኤ የሚያጠናው ቡድን ከዲሲፕሊን ኮሚቴው እንዲለይ ነው። ለመማር ተብሎ የተሰጠ ቃል ለክስ ማስረጃ እንዳይሆን በጽሑፍ ዋስትና ይሰጥ። ሦስተኛ፣ ከኃላፊ ነርሷ ጋር አስቀድሞ ግጭት ያለው ሰው፣ ወይም የእጥረቱን ደብዳቤ ተቀብሎ ያልመለሰ ሰው፣ በጉዳዩ ላይ መርማሪም ሆነ ዳኛ አይሁን። አራተኛ፣ የሰው ኃይልና የዕቃ እጥረት ደብዳቤዎች በመዝገብ ቁጥር ይቀበሉ፤ አደጋ ሲደርስም የምርመራው የመጀመሪያ ገጽ እነዚህ ደብዳቤዎችና የተሰጣቸው መልስ ይሁኑ።

በጀት የለም፣ ነርስ ከየት ይምጣ የሚል ሥራ አስኪያጅ እውነቱን ይሆናል። እርሱም እንደ ኃላፊ ነርሷ ከበላዩ የሚመጣበት አለ። ከላይ የዘረዘርናቸው ግን በአብዛኛው ገንዘብ አይጠይቁም። የሚጠይቁት ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው መጥፎ ዜና ያመጣችለትን ሠራተኛ በትዕግሥት እንዲያዳምጥ ነው። ሁለት ተረኞች ለሠላሳ ታካሚዎች እንደማይበቁ የምታውቀውም፣ አስቀድማ ልትነግረው የምትችለውም እርሷ ናት። እንድትናገር የሚያደርጋት ግን ባለፈው ጊዜ ስትናገር የደረሰባት ነገር ነው።