የእሹሩሩ ባለቤቶች፦ የሕፃናት ግጥምና የሴቶች ድርሰት በኢትዮጵያ ኅትመት ጅማሬ

በወሎ፣ በመካነ ሰላም ዙሪያ ባለው የቦረናና የሳይንት ደጋ ሕፃን ፊደል ከመቁጠሩ ብዙ ዓመት በፊት ግጥም ይሰማል። በአንቀልባ ታዝሎ እሹሩሩ ይባልለታል፤ አፉን ሲፈታ እንቆቅልሽና ተረት ይከተላሉ፤ ለቡሄ ደግሞ ከእኩዮቹ ጋር ይጨፍራል። የመጀመሪያዎቹ ገጣሚዎቹ እናት፣ አያትና ታላቅ እህት ናቸው። የማተሚያ ቤት ዘመን ሲመጣ ግን ይህ ግጥም ለረጅም ጊዜ ደጅ ቀረ። ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ ምክንያት የሴቶች አለመማር ነው። እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ጉዳዩን ሙሉ በሙሉ አያስረዳም። ከዚያ የሚበልጠው ምክንያት ሕፃኑ እሹሩሩ የሚባልበት ቋንቋና ፊደል የሚቆጥርበት ቋንቋ የተለያዩ መሆናቸው ነው።

አካባቢው የድርሰት ድሃ አልነበረም። ሰዓታትንና መጽሐፈ ምሥጢርን የደረሰው አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ስሙን ያገኘው በዚሁ በቦረና ምድር ካለው ገዳም ነው። በሳይንት ያለችው ተድባበ ማርያምም ጥንታዊ የሊቃውንት መናኸሪያ ናት። የዚህ ሁሉ ሀብት ቋንቋ ግን ግእዝ ነበር። በየኔታ እግር ሥር የተቀመጠ ልጅ ሀሁንና አቡጊዳን ከጨረሰ በኋላ መልእክተ ዮሐንስን፣ ቀጥሎም ዳዊትን በዜማ ይደግማል፤ ቃሉን ሸምድዶ ሲይዝ ትርጉሙን ገና አያውቅም። ቅኔ ሲደርስም ግጥሙ የአዋቂ፣ ቋንቋው የግእዝ፣ ጉባኤው በአብዛኛው የወንዶች ነው። በጎጃም ቅኔ ያስተማሩት ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ሴት እስከዚያ ማዕረግ መድረስ እንደምትችል አሳይተዋል። የተካኑበት ጥበብ ግን የጉባኤው ቅኔ እንጂ የምድጃው ዳር ግጥም አልነበረም። በሙስሊሙ ወገንም ልጅ ቁርኣንን በዓረብኛ ይቀራል። የወሎ ዑለማዎች መንዙማን በዓረብኛ ፊደል በአማርኛ ቢጽፉም፣ ብራናውና ወረቀቱ ያቆየው በዋናነት የሼሆቹን ስም ነው።

እሹሩሩ ግን ተራ ማባበያ አይደለም። እናት ሕፃኗን በጀርባዋ አዝላ ወፍጮ ላይ ታጎነብሳለች፤ የመጁ ምልልስ ምቱን ይሰጣል፤ ስንኙ አጭር ነው፤ የልጁ ስም በቤት መምቻው ላይ ይገባል። በመካከሉ ሌላ ነገር ይሰካል፦ ርቆ የሄደ ባል፣ ክፉ አማት፣ የከዳ ዝናብ። ሕፃኑ ዜማውን ይሰማል፤ ጓዳ ያለችው አማት ቃሉን ትሰማለች። ፊት ለፊት ቢነገር ጠብ የሚያስነሳ ነገር በሕፃን ስም ሲንጎራጎር ያልፋል። አንድን ቃል ለሁለት ሰሚ የማቀበል ችሎታ ቅኔ ቤት የሚደነቅበት ጥበብ ነው። እዚህም ሊደነቅ ይገባው ነበር።

የአሜሪካ ታሪክ ልዩነቱን ያጎላዋል። በኒው ኢንግላንድ በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በቦስተን የታተመው የሕፃናት የንባብ መጽሐፍ ፊደሎቹን የሚያስተምረው ልጁ በቤቱ በሚሰማው እንግሊዝኛ፣ በአጫጭር ግጥሞች ነበር። ንባብ የሚያስተምሩትም ብዙ ጊዜ በየቤታቸው ሕፃናትን የሚሰበስቡ ሴቶች ነበሩ። የአን ብራድስትሪት ግጥሞች እ.ኤ.አ. በ1650፣ በልጅነቷ ከአፍሪካ በባርነት የተወሰደችው የፊሊስ ዊትሊ ግጥሞች ደግሞ በ1773 ለንደን ላይ ታተሙ። በ1830 ሣራ ጆሴፋ ሄል ስለ ሜሪና ስለ ጠቦቷ የጻፈችውን ግጥም በራሷ ስም በወጣ የሕፃናት መድበል አሳተመች። የቤቱና የመጽሐፉ ቋንቋ አንድ ስለነበር እናት በቃል የምትለውና ማተሚያ ቤቱ የሚፈልገው ነገር ብዙ አልተራራቁም።

በእኛ በኩል የቤቱና የመጽሐፉ ቋንቋ ቀድመው የተገናኙት ከወሎ ርቆ፣ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ባለችው በምጽዋ አጠገብ፣ ምንኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ነው። አስቴር ጋኖ በባርነት ተሽጣ ወደ ዓረብ አገር ስትወሰድ እ.ኤ.አ. በ1886 በጣልያኖች ነፃ ወጣችና ወደ ሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ገባች። እዚያ ከመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚው ከአናሲሞስ ነሲብ ጋር የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጀች፤ አምስት መቶ ያህል ዘፈኖችን፣ ተረቶችንና እንቆቅልሾችን ከቃል ወደ ጽሑፍ አወረደች። ከእነዚህ የተወሰኑት በ1894 በግእዝ ፊደል በታተመው የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ ገቡ። ይህ ሊሆን የቻለው ሴት ልጅ ትምህርት ቤት ስለገባች ብቻ አይደለም፤ መጽሐፉ የሚያስፈልገው የሕፃኑ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ስለነበረና ያን ቋንቋ ከነዜማው የያዘችው እሷ ስለሆነች ነው። እንዲያም ሆኖ በ1899 ስለታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሲነሣ ጎልቶ የሚሰማው የአናሲሞስ ስም ነው፤ የአስቴር ድካም በቅጡ የተነገረው ዘግይቶ ነው።

በዚያው በ1894 ጣልያናዊው ምሁር ኢግናዚዮ ጉይዲ የአማርኛ ምሳሌዎችን፣ ስንኞችንና ተረቶችን ሮም ላይ አሳተመ። የአማርኛ መምህሩ ደብተራ ክፍለ ጊዮርጊስ ነበር፤ የአማርኛ ሥነ ቃል ወደ ኅትመት የደረሰው በሊቅ በኩል አልፎ ነው ማለት ነው።

በአዲስ አበባ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በስሙ የሚጠራው ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም. ተከተለ። የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1924 ዓ.ም. ነው። ሴቶች ወደ ብዕር ከመድረሳቸው በፊት አማርኛ ኅትመት የራሱን ወግ ይዞ ነበር፦ ውዳሴ፣ ምክር፣ ታሪክ። የዚሁ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩት ስንዱ ገብሩ የልቤ መጽሐፍን በ1942 ዓ.ም. ሲያሳትሙ ጉዳያቸው የአገር ነፃነት ነበር። በጣልያን ወረራ ዘመን ታስረው አዚናራ ደሴት የተጋዙ አርበኛ ይህን ማስቀደማቸው አያስገርምም። በተማሪዎች አፍ የገባው የታተመ ግጥም ግን የከበደ ሚካኤል ታሪክና ምሳሌ ሆነ። ከአውሮፓ ተረቶች ጭምር የቀዳ፣ ቋንቋው የጠራ፣ በምክር የሚዘጋ ሥራ ነው፤ ትውልድ በቃሉ ያጠናው በከንቱ አይደለም። ሆኖም ልጅን ከላይ ወደ ታች የሚመክር የአባት ድምፅ ነው፤ ልጇን አዝላ ብሶቷን የምታንጎራጉረው እናት በውስጡ አትሰማም።

ዛሬ የቦረና ልጅ አንደኛ ክፍል የሚማረው በአማርኛ ነው፤ ሥነ ቃልም በመማሪያ መጻሕፍትና በዩኒቨርሲቲ ጥናቶች ቦታ አግኝቷል። በቋንቋ በኩል የነበረው እንቅፋት ተነሥቷል። የቀረው የባለቤትነቱ ጉዳይ ነው። በእነዚህ ጥናቶች እሹሩሩው የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ የማኅበረሰቡ ተብሎ ነው፤ በሽፋኑ ላይ የሰብሳቢው ስም ይጻፋል፤ ስንኙን በራሷ ኑሮ የሞላችው ሴት ደግሞ በመጨረሻዎቹ ገጾች፣ ከዕድሜዋና ከቀበሌዋ ጋር፣ በመረጃ አቀባይነት ትመዘገባለች።