ሁለተኛ ጎተራ እህል አይጨምርም

በሰሜን አሜሪካ ረጅም ጉዞ የሚወዱ፣ በተለይም ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች፣ ትልልቅ ሞተር ሳይክሎችን ወደ ባለሦስት ጎማ አስለውጠው ይነዳሉ። ከኋላ ሁለት ጎማ ስላለው ተሽከርካሪው ሲቆም በእግር መደገፍ አያስፈልግም። ለዚህ ለውጥ ከሚመረጡት አንዱ የሆንዳ ጎልድ ዊንግ ነው። በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለሁ እንዲህ ያለ ተሽከርካሪ የነበራቸው አንድ ጡረተኛ ጎረቤቴ፣ «ሁለተኛ ባትሪ ልጨምርበት ነው፤ ከእንግዲህ ኤሌክትሪክ አያልቅብኝም» ብለውኝ ነበር። ሐሳባቸው ግማሹ ትክክል፣ ግማሹ ግን ስሕተት ነበር።

በቅድሚያ ትክክለኛውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው ጎልድ ዊንግ 1500 እና በ2001 የተከተለው 1800 ወደ ኋላ የሚሄዱት በቤንዚን ሞተሩ ጉልበት ሳይሆን በሞተሪኖው ነው። ባለሦስት ጎማው ደግሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ሻንጣና ተሳፋሪ ጭኖ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ሲሄድ ከባትሪው የሚፈልገው ከረንት ከፍተኛ ነው። ለምሳሌ 100 አምፔር ቢወስድና የባትሪው ውስጣዊ ሬዚስታንስ 0.015 ኦም ቢሆን፣ 1.5 ቮልት እዚያው ባትሪው ውስጥ ይቀራል። ተመሳሳይ የሆነ ሁለተኛ ባትሪ በትይዩ ቢታከል እያንዳንዱ 50 አምፔር ብቻ ስለሚሰጥ ኪሳራው በግማሽ ይቀንሳል። ለአጭር ጊዜ ለሚፈለግ ከባድ ከረንት እንግዲህ ሁለተኛው ባትሪ በእርግጥ ይረዳል።

ስሕተቱ የሚጀምረው ባትሪን እንደ ምንጭ ስናስብ ነው። ባትሪ ጎተራ ነው፤ እህሉን የሚያመርተው ዲናሞው ነው። ተጨማሪ መብራት፣ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ልብስና ራዲዮ በአንድነት ዲናሞው ከሚሰጠው 3 አምፔር አልፈው ቢወስዱ፣ 18 አምፔር-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ቢበዛ በ6 ሰዓት፣ ሁለቱ ደግሞ በ12 ሰዓት ባዶ ይሆናሉ። ውድቀቱ ዘገየ እንጂ አልቀረም። የዘገየውም ነጂውን ከከተማ አርቆ፣ ምናልባትም በሌሊት ያቆመዋል።

ስለዚህ ከግዢ በፊት መለካት ይገባል። ሞተሩ በጉዞ ፍጥነት እየዞረ፣ የሚሞቀው ልብስና መብራቱ ሁሉ በርቶ፣ በባትሪው ጫፎች ያለው ቮልቴጅ 14 አካባቢ ከሆነ ዲናሞው በቂ ነው። ከ13 በታች ወርዶ ከቀረ ግን ፍጆታን መቀነስ ወይም ዲናሞውን ማስመርመር እንጂ ባትሪ መደርደር መፍትሔ አይሆንም።

የአያያዙም ጉዳይ ቀላል አይደለም። ዓላማው ሌሊት በድንኳን መብራት አብርቶ ጠዋት ሞተሩን ማስነሳት ከሆነ፣ ሞተሩ ሲጠፋ ሁለቱን ባትሪዎች የሚለያይ ሪሌይ ያስፈልጋል። ዓላማው የኋላ ማርሽን ማገዝ ከሆነ ግን በዚያ ሰዓት ሁለቱ መገናኘት አለባቸው፤ ሪሌዩና ሽቦውም ያንን ሁሉ ከረንት የሚችሉ መሆን ይኖርባቸዋል። አሮጌና አዲስ ባትሪን ያለ መለያ ማጣመርም አይመከርም። በመካከላቸው የግማሽ ቮልት ልዩነት ቢኖርና ጠቅላላ ሬዚስታንሱ 0.02 ኦም ቢሆን፣ በተገናኙበት ቅጽበት 25 አምፔር ከአንዱ ወደ ሌላው ይፈሳል። ከዚያም በኋላ ደካማው ብርቱውን እያደከመ ይኖራል።

ከሁሉ በላይ «12 ቮልት ምን ያደርጋል?» የሚለው ንግግር ያሳስበኛል። 12 ቮልት ሰውን አይመታ ይሆናል፤ ሽቦው ተልጦ ብረት ቢነካ ግን በዚያው 0.02 ኦም ሬዚስታንስ ከ600 አምፔር በላይ ይፈሳል። ይህ ሽቦን አቅልጦ ከቤንዚን ታንክ አጠገብ እሳት ያስነሳል። በእያንዳንዱ ባትሪ አወንታዊ ጫፍ አጠገብ ፊውዝ ማኖር እንደ ትርፍ ወጪ ሊታይ አይገባም።

ይህ ነገር የሩቅ አገር መዝናኛ ብቻ አይደለም። መብራት ሲጠፋ እንዲያገለግል አሮጌ የመኪና ባትሪ ከአዲስ ጋር የሚያጣምር ሰው በእኛም ከተሞች አለ፤ የፊዚክሱ ሕግም ያው ነው። ሁለተኛ ባትሪ የምንገዛ ሁሉ ሻጩን ዋጋ ከመጠየቃችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ፦ የጎደለን ጎተራ ነው ወይስ እህል?