ንድፈ ጥናት ሲታረም

ንድፈ ጥናቱ ለሦስተኛ ጊዜ «አርመህ አምጣ» ተብሎ የተመለሰበት የዶክትሬት ዕጩ ከወዳጆቹ የሚያገኘው ምክር አንድ ዓይነት ነው፤ «በራስህ ተማመን፣ አይዞህ»። ምክሩ ከቅንነት ይመነጫል፤ ጥቅሙ ግን እምብዛም ነው። ዕጩው በዚህ ጊዜ የሚጠራጠረው ችሎታውን ብቻ አይደለምና፤ ጥያቄው ራሱ ከእጁ ወጥቷል። አንዱ ገምጋሚ ይስፋ፣ ሌላው ይጥበብ ሲለው የከረመውን ሰው «አይዞህ» ማለት መንገድ ለጠፋበት መንገደኛ ስንቅ እንደ መጨመር ነው።

ከዚህ የሚከፋው የዕጩውን ልብ መሰበር የትምህርቱ አካል አድርገው የሚቆጥሩት ገምጋሚዎች አስተሳሰብ ነው። «እኛም የተማርነው እንዲሁ ነው» ይላሉ። አልፈው ተርፈውም የኔታን ምስክር ይጠራሉ፤ የጥንት መምህራን ይቆጡ አልነበረምን?

ይቆጡ ነበር። ሆኖም ቅኔ ቤትን ለምስክርነት የጠራ ሰው ቃሉን እስከ መጨረሻው ሊሰማ ይገባዋል። የቅኔ ተማሪ ለብቻው ተቀምጦ ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል፤ እርማቱንም እዚያው በጆሮው ይሰማል። የቱ ቃል እንደ ሳተ፣ የቱ ቤት እንደ ተሰበረ፣ ሰሙ ከወርቁ የት ላይ እንደ ተፋታ ተለይቶ ይነገረዋል። ከጉባኤ ቃና 2 ቤቶች ተነሥቶ እስከ መወድስ 8 ቤቶች የሚዘልቀው በዚህ መንገድ ነው። የዘመኑ ዕጩ ግን ወራት ጠብቆ «ንድፈ ሐሳባዊ ማዕቀፉ ደካማ ነው» የምትል አንዲት የኅዳግ ማስታወሻ ይደርሰዋል። ምኑ እንደ ደከመ የሚነግረው የለም። ከየኔታ ቁጣውን ወስዶ ትጋቱን የተወ አማካሪ በምን ሒሳብ የወግ ወራሽ ይባላል?

እርግጥ ነው፣ እርማት ሁሉ በደል አይደለም። «ጥያቄህ ሰፊ ነው» የሚለው አስተያየት አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው፤ እሱን እንደ ስድብ የሚቆጥር ዕጩ የሚጎዳው ራሱን ነው። አንድ ሰው የጎጃምን ሙሾ ሊያጠና ተነሥቶ «አንድ ወረዳ ይበቃሃል» ቢባል ደስ ሊለው ይገባል። የአንድ ፈረንሳዊ ሊቅ ንድፈ ሐሳብ ጨምር ቢባልም ይጨምር፤ ሙሾውን ለመረዳት እስከ ረዳ ድረስ ከየትም ይምጣ። ነገር ግን ሙሾው ለንድፈ ሐሳቡ ማሟያ ከሆነ፣ ወይም ጥናቱ ሳይንሳዊ እንዲመስል መጠይቅ ይበተን ከተባለ (ለቅሶ ቤት ገብቶ ለሙሾ አውራጅ መጠይቅ ማደል ምን ዓይነት ዕውቀት እንደሚያስገኝ ገምጋሚው ያስረዳ!) ዕጩው እንቢ የማለት መብት አለው። ልበ ሙሉነት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ዩጋንዳዊው ኦኮት ፒቢቴክ እ.ኤ.አ. በ1960 ማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ ሊማር ኦክስፎርድ ሲገባ፣ መምህሩ አፍሪካውያንን አረመኔዎች እያለ ሲጠራ ሰማ። ተቃወመ፤ ሰሚ ግን አላገኘም። ይህንን በ1970 ባሳተመው፣ የምዕራባውያን ምሁራን ስለ አፍሪካ ሃይማኖቶች የጻፉትን በተቸበት መጽሐፍ መቅድም ራሱ ተርኮታል። ቢሆንም ትምህርቱን ጥሎ አልወጣም፤ ስለ አቾሊና ስለ ላንጎ ሕዝቦች ሥነ ቃል የጻፈውን ድርሳን በ1963 አቅርቦ ተመረቀ። የተቋሙን ሥርዓት ፈጽሟል፤ የወገኖቹን ሥነ ቃል የማጥናት ጉዳይ ግን ከእጁ አልወጣም።

ሁሉም ዕጩ ኦኮት ይሁን ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። የትምህርት ክፍሎች ሊሠሩት የሚገባው ቀላል ሥራ አለ። ከሚሰጡት አስተያየት የትኛው ግዴታ፣ የትኛው ምክር እንደ ሆነ በጽሑፍ ይለዩ፤ ሁለት ገምጋሚዎች የሚቃረን ነገር ቢያዝዙ ንድፈ ጥናቱ ለዕጩው ከመመለሱ በፊት እርስ በርሳቸው ይነጋገሩ፤ ዕጩውም ያልተቀበለውን እርማት ከነምክንያቱ የሚገልጽበት አንድ ገጽ ይፈቀድለትና ገጹ ከንድፈ ጥናቱ ጋር ለኮሚቴው ይቅረብ።