አገራችንን እንወቅ፦ አክስቴና ሁለቱ ሐይቆች

በግንቦት ወር አክስቴ ከመንዝ ሊጠይቁኝ መጡ። ከአዲስ አበባ እስከ አርባ ምንጭ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ሲጓዙ ውለው፣ ማታ ሲቀላ ወረዱ። ትከሻቸው ላይ የመንዝ ባና ደርበዋል። ባና ከበግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም ልብስ ነው። ሲቀላ ግን ቆላ ነው። በሸሚዝ ብቻ የሆነ ሰው እንኳ ያልበዋል።

«አክስቴ፣ ባናውን ልያዝልዎት» አልኳቸው።

«ተወው ልጄ፣ ያስፈልገኝ ይሆናል» አሉ። ላቡ በግንባራቸው ይወርዳል።

አክስቴ ፊደል የቆጠሩት ካረጁ በኋላ ነው። ስለዚህ የተጻፈ ነገር ሲያዩ ዝም ብለው አያልፉም። በማግስቱ ጠዋት በሲቀላ ስንሄድ የሱቁን ሁሉ ስም አነበቡ። «ዳ-ቦ ቤት። ዓ-ሣ ቤት። የ-ጎ-ማ ጥገና።» እኔ ቸኩያለሁ፤ እሳቸው አልቸኮሉም። እናንተም እንዲህ አድርጉ። መንገድ ላይ ያለ ጽሑፍ ጥሩ የንባብ መለማመጃ ነው፤ ገንዘብም አይከፈልበትም።

ገበያው ሞልቷል። ማንጎው በክምር ነው። ባጃጁ በሰው መካከል እየተሽሎከለከለ ያልፋል። ሙዝ በመኪና ይጫናል። ወዴት እንደሚሄድ ጠየቁኝ። ወደ አዲስ አበባ ነው አልኳቸው።

«ለካ እዚያ የበላሁት ሙዝ ከዚህ ነው የሄደው!» ብለው ሳቁ።

አርባ ምንጭ ሁለት ሰፈር ነው። ሲቀላ ከታች ነው፤ ንግዱ የሚደራው እዚህ ነው። ሴቻ ከላይ ነው፤ መሥሪያ ቤቶቹ የሚበዙት እዚያ ነው። ከተማው በዕድሜ ገና ነው። የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማ ድሮ ጨንጫ ነበር፤ በተራራው ላይ። ወደዚህ የወረደው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው።

በባጃጅ ወደ ሴቻ ወጣን። ከዳገቱ ጫፍ ቆመን ወደ ታች አየን። በግራ በኩል አባያ ሐይቅ ነው። በስፋቱ ከጣና ቀጥሎ ይመጣል። በቀኝ በኩል ጫሞ ነው። በመካከላቸው ያለው ተራራ የእግዜር ድልድይ ይባላል። አክስቴ ግን ዓይናቸውን የጣሉት በውሃው ላይ ነው።

«ጫሞ ሰማያዊ ነው። ያኛው ለምን ቀላ?» አሉ።

«አፈር ነው» አልኩ። «ቢላቴና ሌሎችም ወንዞች ያመጡታል። ሐሬ የሚባለው ደግሞ ከጋሞ ተራራ ይወርዳል። አፈሩ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ቶሎ አይዘቅጥም። ስለዚህ ውሃው ይቀላል።»

አክስቴ ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም «የማን አፈር ነው?» ብለው ጠየቁ። መልስ አልነበረኝም።

ከሰዓት በኋላ በጀልባ በጫሞ ላይ ሄድን። የኩልፎ ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አካባቢ «የአዞ ገበያ» የሚባል ቦታ አለ። አክስቴ ምን እንደሚሸጥበት ጠየቁ። የሚሸጥ ነገር የለም፤ አዞዎቹ ፀሐይ ለመሞቅ ስለሚሰበሰቡ ነው። ከ5 ሜትር የሚበልጥ አዞ አለ። ጉማሬም አለ። ውሃ ለመቅዳትም ሆነ ለመታጠብ ዝም ብሎ ዳር መቆም ለሞት ያደርሳል። አዞ ከውሃ በታች ሆኖ ሰውን ያያል፤ ሰው ግን አዞውን አያየውም።

ሰኞ ወደ ዶርዜ ወጣን። ከሶዶ መንገድ ወደ ግራ ታጥፎ ዳገቱ ይጀምራል። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ነው፤ ዶርዜ ወደ 2,500 ሜትር ይጠጋል። ሙዙ ቀረ። እንሰትና ቀርከሃ መጣ። ከዚያ ጉም ወረደ። እኔ በሸሚዝ ነኝ፤ ተንቀጠቀጥኩ።

አክስቴ ባናቸውን ተከናንበው «አላልኩህም?» አሉ።

የዶርዜ ቤት ረጅም ነው። በቀርከሃ ይሠራል። ፊቱ የዝሆን ፊት ይመስላል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላውን ይቆርጡታል። ቤቱም እያጠረ ይሄዳል። አክስቴ በሩን በእጃቸው ለክተው «የአሮጌ ሰው ቤት ነው፤ እንደ እኔ እያጠረ ነው» አሉ።

በደጅ ወንዶች ይሸምናሉ፤ ሴቶች ጥጥ ይፈትላሉ። አንዲት አሮጊት እንዝርት ይዘው ተቀምጠዋል። አክስቴ አጠገባቸው ተቀመጡ። አማርኛ አይሰሙም፤ አክስቴም የእሳቸውን ቋንቋ አያውቁም። እንዝርቱን ተቀብለው ሞከሩ፤ ክሩ ተበጠሰ። እሳቸው የለመዱት የበግ ጠጉር ነው። ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ቆጮ በዳጣ ቀረበልን። ቆጮ ከእንሰት የሚሠራ ነው። ዳጣው አቃጠላቸው፤ ግን ጨረሱት።

ስንመለስ ዝናብ ወረደ። በመንገዱ ዳር ቀይ ጎርፍ ሮጠ። አክስቴ መኪናውን አስቆሙ። በአንድ በኩል እርከን የተሠራበት ማሳ አለ። ከዚያ የሚወርደው ውሃ ጥቂት ነው፤ ብዙም አልደፈረሰም። በሌላው በኩል እርከን የሌለው ማሳ አለ። ከዚያ የሚወርደው እንደ ጭቃ ነው።

«የማን አፈር እንደሆነ አሁን አየሁ» አሉ። «የአባቴ ማሳ እንዲህ ሄዶ ነው ድንጋዩ የቀረው። እኛ ደለሉ የት እንደሄደ አላየንም። እነዚህ ግን በየቀኑ ከዳገቱ ላይ ሆነው ያዩታል።»

በመጨረሻው ቀን ወደ አርባዎቹ ምንጮች ወሰድኳቸው። የከተማው ስም የወጣው ከእነሱ ነው። ከዳገቱ ሥር፣ በጥቅጥቅ ደን ውስጥ ይፈልቃሉ። ውሃው ጥርት ያለ ነው። ከላይ ወደ መሬት የሰረገው ዝናብ ከታች እንዲህ ሆኖ ይወጣል። ከተማውም የሚጠጣው ይህንኑ ነው። አክስቴ በእጃቸው ዘግነው ጠጡ።

«ደኑ ባይኖርስ?» አሉ።

ልመልስ ስል ሴቶች ማገዶ ተሸክመው ከደኑ ወጡ። ሸክሙ ከእነሱ ይረዝማል። አንዷ ገና ልጅ ናት። እኔ ስለ ደን ጭፍጨፋ ልናገር ነበር። አክስቴ ግን መንገዱን ለቀቁላቸው።

«እኔም በዚህ ነው ያሳደግኳችሁ» አሉ። «ደኑን አትንኩ የሚል ሰው፣ እራቱን በምን እንደሚያበስሉ አብሮ ይንገራቸው።»

ከዚያ የያዙትን ጠርሙስ ከምንጩ ሞሉ። ለመንዝ ጎረቤቶቻቸው ሊያቀምሱት ነው።