የኔክታሪን ችግኝ ሲሸጥ ዝርያው ይነገር

ኔክታሪን ከኮክ የተለየ ተክል አይደለም፤ ቆዳው ጠጉር የሌለው ኮክ ነው። በመሆኑም ኮክ ጓሮው ውስጥ የሚያፈራለት የደጋ ሰው ኔክታሪንም ይሆንልኛል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ችግሩ ያለው ዝርያው ላይ ነው።

ፋንታዝያ የተባለውን እንመልከት። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪዎች በካሊፎርኒያ ፍሬዝኖ አዳቅለው እ.ኤ.አ. በ1969 ለገበሬ ያደረሱት ዝርያ ነው። ፍሬው ትልቅ፣ ቆዳው ደማቅ ቀይ፣ ሥጋው ቢጫ ሲሆን ሲበላ ከዘሩ በቀላሉ ይላቀቃል። ሌላ ዛፍ አጠገቡ ባይኖርም በራሱ ብናኝ ያፈራል። ማንም ቢሆን ጓሮው ውስጥ ሊያየው የሚመኘው ዛፍ ነው።

ነገር ግን ፋንታዝያ ቅጠሉን ካረገፈ በኋላ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች የሆነ ቅዝቃዜ በድምሩ 500 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ያን ካላገኘ ከእንቅልፉ በወጉ አይነቃም፤ እምቡጡ ይረግፋል፣ ቅጠሉ እዚህም እዚያም ዘግይቶ ብቅ ይላል፣ ፍሬውም ጥቂት ይሆናል። በእኛ ደጋ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት መብረዱ እውነት ነው። ቀኑ ግን ፀሐያማ በመሆኑ ሙቀቱ ዛፉ ሌሊት ያጠራቀመውን ቅዝቃዜ ያጠፋበታል። ባለቤቱ ውሃና ፍግ ቢጨምር ይህን ጉድለት አይሞላውም።

መፍትሔው የታወቀ ነው። የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ሰንረድን የመሰሉ፣ የፋንታዝያን ግማሽ ያህል ቅዝቃዜ የሚበቃቸው ኔክታሪኖች አውጥቷል። በፖም ረገድም እስራኤል ውስጥ የተዳቀለው አና የተባለው ዝርያ ለሞቃት አገር የተመቸው በዚሁ ምክንያት ነው። በአገራችን መሞከር ያለባቸው እንዲህ ያሉት ናቸው።

ትክክለኛው ዝርያ ከተገኘም ሥራው አያበቃም። ኔክታሪን የሚያፈራው ባለፈው ዓመት ባደገ ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ በየዓመቱ መገረዝ አለበት፤ መሐሉም ብርሃን እንዲገባው ክፍት ይደረጋል። እንጭጭ ፍሬው ገና ትንሽ ሳለ በመካከሉ አንድ ስንዝር ያህል እየተተወ ይሳሳል። ይህን ማድረግ የሚያሳሳው ብዙ ሰው አለ፤ ያልሳሳ ዛፍ ግን የሚሰጠው ደቃቃ ፍሬ ነው፣ ቅርንጫፉም ከክብደቱ የተነሣ ይሰበራል።

ችግኝ አፍዪዎች በእያንዳንዱ ችግኝ ላይ የዝርያውን ስምና የሚፈልገውን የቅዝቃዜ ሰዓት ጽፈው ሊያንጠለጥሉ ይገባል። ገዢም ይህን ጠይቆ መልስ ካላገኘ ገንዘቡን አይክፈል።