እንቦሳና እናቱ

ወዳጃችሁ አዲስ ቤት ገብቶ ልትጠይቁት የሄዳችሁ እንደ ሆነ ደጃፉን ስትረግጡ «እንቦሳ እሰሩ» ትላላችሁ። ዳቦውንና ጠላውን እያሰብን ስለምንለው ይመስለኛል፣ ብዙዎቻችን ቃሉን አናስተውለውም። እንቦሳ አዲስ የተወለደ ጥጃ ነው፤ ምርቃቱም ላም ትውለድላችሁ፣ ወተት አይጥፋባችሁ ማለት ነው። ነገር ግን በዚህ ምርቃት ውስጥ አንድ ገመድ አለ። እንቦሳው የሚታሰረው የእናቱን ወተት ብቻውን እንዳይጨርሰው ነውና። ዛሬ ላጫውታችሁ ያሰብሁት ስለዚሁ ገመድ ነው።

ባለፈው ዓመት ተማሪዎቼን ይዤ በቢሾፍቱ አካባቢ አንድ የወተት ላሞች እርባታ ለማየት ሄጄ ነበር። በረቱ ንጹሕ፣ ላሞቹ ጥቁርና ነጭ የፈረንጅ ዘር፣ ማለቢያውም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። እያደነቅን ስንዞር አንዲት ላም ከሌሎቹ ተለይታ አንገቷን በአጥሩ ላይ አስረዝማ እምቧ ትላለች። ጥጃዋ በዚያው ጧት ተወልዶ፣ ልሳ ሳትጨርስ ወደ ጥጃዎች ቤት ተወስዶባት ኖሯል። ከተማሪዎቼ አንዷ «መምህር፣ ላሟ ምን ሆና ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም አዋቂ ለመምሰል «ነገ ትረሳዋለች» ብዬ አለፍሁ። ይህ መልስ ብዙ ቀን ሲከነክነኝ ሰነበተ፤ እኔ ራሴ የጥጃ እረኛ ነበርሁና።

ገጠር ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። ልጅ ትልልቁን ከብት ለማገድ ሳይደርስ በፊት ጥጃ እንዲጠብቅ ይታዘዛል። ሥራው ጥጃዎቹ ከእናቶቻቸው እንዳይገናኙ ማድረግ ብቻ ነው። አንድ ቀን ከዛፍ ጥላ ሥር አረፍ እንዳልሁ እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ ጥጃዎቹ የሉም፤ ሮጬ ብደርስ ከላሞቹ ሥር ገብተው አፋቸው አረፋ በአረፋ ሁኗል። በዚያ ማታ እናቴ ግሬራዋን ይዛ ወጥታ ባዶውን ይዛ ተመለሰች። ስለ አርጩሜው ለመናገር ይህ ዓምድ አይበቃም። እስከ ዛሬ ከዓይኔ ያልጠፋው ግን የጥጃዎቹ ሆድ ነው፤ እንደዚያ ጠግበው አይቻቸው አላውቅም ነበር።

እንግዲህ ገበሬያችን ጥጃውን ከነጭራሹ የማይወስድባት ስለ ርኅራኄ ብቻ አይደለም፤ ላሟ እሺ ስለማትለው ጭምር ነው። የሐበሻ ላም ጥጃዋ ከአጠገቧ ከሌለ አብዛኛውን ጊዜ ወተቷን ትይዛለች። ስለዚህ አላቢው ጥጃውን ፈትቶ ጥቂት ያጠባዋል፤ ወተቱ ሲወርድ ጎትቶ ከፊቷ ያስረዋል፤ እርስዋ ጥጃዋን እየላሰች እርሱ ያልባል፤ የቀረውን ደግሞ ለጥጃው ይተውለታል። ጥጃው የሞተባት እንደ ሆነም ቆዳውን ገፎ ገለባ ሞልቶ በፊቷ የሚያቆምላት አለ።

የዚህም ምክንያት በሳይንስ ታውቋል። ጥጃው ጡቷን ሲስብ ከአንጎሏ ሥር ካለች ትንሽ ዕጢ ኦክሲቶሲን የሚባል ንጥረ ነገር ወደ ደሟ ይፈስሳል፤ በአንድ ደቂቃ ገደማም ግቷ ዘንድ ደርሶ ወተት ያዘሉትን ጥቃቅን ከረጢቶች የከበቡትን ጡንቻዎች ይጨምቃቸዋል። የደነገጠች ላም ግን ይህ ይስተጓጎልባታል። አሜሪካዊው ቪንሰንት ዱ ቪኞ በ1955 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር የኖቤልን ሽልማት ካገኘባቸው ሥራዎች አንዱ ይህንኑ ኦክሲቶሲን በላቦራቶሪ መሥራቱ ነበር።

የፈረንጅ ላም ግን በብዙ ትውልድ ምርጫ ያለ ጥጃ መታለብን ተቀብላለች። በ1947 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር 300 ያህል ፍሪዥያንና ብራውን ስዊስ ላሞች በተባበሩት መንግሥታት የርዳታ ድርጅት በኩል ወደ አገራችን ገቡ፤ ዛሬ በከተማ ዙሪያ የምናያቸው እርባታዎች በእነዚህ ዓይነት ዘሮችና በክልሶቻቸው የቆሙ ናቸው። የእርባታው ኃላፊ ጥጃውን ለምን ቶሎ እንደሚለዩት አልሸሸጉንም። ወተቱ የሚሸጥ ነው። እንገሩንም በጡጦ ለክቶ መስጠት ይሻላል፤ ጥጃ ያለ በሽታ መከላከያ ስለሚወለድ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንገር ካልጠጣ አደጋ ላይ ይወድቃል። ደግሞም አብረው በሰነበቱ መጠን ሲለያዩ ጩኸቱ ይብሳል።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ቁጥሩን እንመልከተው። እንደ ልቡ የሚጠባ ጥጃ በጥቂት ሳምንት ውስጥ በቀን 10 ሊትር ያህል ሊጠባ ይችላል፤ በባልዲ ለሚያድገው በልማድ የሚሰጠው ከ4 እስከ 6 ሊትር ነው። እንግዲህ ተረፈ የምንለው ወተት ከፊሉ ከጥጃው ሆድ የጎደለ ነው ማለት ነው። የኛም ገመድ ከዚህ ነቀፋ አያመልጥም፤ ወተቱን ለገበያ የሚያቀርብ ሰው አራቱንም ጡት አሟጦ ለጥጃው አረፋውን ሲተውለት አይቻለሁ። የኤውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ሊቃውንት በ2023 ጥጃ ቢያንስ አንድ ቀን ያህል ከእናቱ ጋር እንዲቆይ፣ ከዚያም የሚበልጠው ቆይታ እየተለመደ እንዲሄድ መክረዋል።

መካከለኛም መንገድ አለ። ጥጃው ቀን ከእናቱ ጋር ይውላል፣ ሌሊት ይለያል፣ ጧት ላሟ ትታለባለች። ጡት ሲያስጥሉትም መጀመሪያ መጥባቱን ከልክለው ከእናቱ ጋር ያቆዩታል፤ ቀጥለው ይለዩታል፤ ሁለቱ ነገር በአንድ ቀን ካልደረሰባቸው ጩኸታቸው ይቀንሳል። በጡቷ ላይ እበት የሚቀቡት አባቶቻችን ይህን መጽሐፍ ሳያነቡ ደርሰውበት ነበር።

ገንዘቡስ ከየት ይምጣ ትሉኝ ይሆናል። እኔ የማስበው በጾም ወራት ነው። በሁዳዴ ወተት ገዢ ሲያጣ፣ ባለ እርባታው በርካሽ ከሚጥለው ይልቅ ጥቂቱን ለጥጃዎቹ ቢተወው ጉዳቱ ምን ያህል ነው? ይህንኑ ለኃላፊው ጻፍሁላቸው። እርሳቸውም በሚመጣው ሁዳዴ በሁለት ላሞች ልሞክረው፤ ወተቱንም የጥጃዎቹንም ክብደት በየሳምንቱ እየመዘንሁ ልመዝግበው ሲሉ መለሱልኝ። መዝገቡን ለማየት ስሄድ ያችን ተማሪ ይዣት እሄዳለሁ፤ እርስዋ የጠየቀችኝ ላሟ ምን እንደ ሆነች ነበር እንጂ መቼ እንደምትረሳው አልነበረምና።