የ«ሳይኮ» ሙዚቃ፦ የትኛው ሸክላ ይገዛ?

ብዙ ሰው የሙዚቃ ሸክላ ሲገዛ የሚያየው በልባሱ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ስም ብቻ ነው። ስሙን ካገኘ ዋጋውን ከፍሎ ይሄዳል። ሙዚቃውን ማን መራው? በየትኛው ዘመን ተቀዳ? ከፊልሙ የተወሰደ ነው ወይስ እንደገና የተጫወቱት? ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህ ግዴለሽነት ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማየት ከፈለግን ከ«ሳይኮ» የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

«ሳይኮ» አልፍሬድ ሂችኮክ አዘጋጅቶት በ1960 የወጣ አስፈሪ ፊልም ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሙዚቃውን የደረሰው አሜሪካዊው በርናርድ ኸርማን ነው። ስለዚህ ሙዚቃ ክርክር በተነሣ ቁጥር አንድ ዓይነት አነጋገር ይሰማል፤ ይኸውም «ደራሲው ራሱ የመራው ሸክላ እያለ የሌላ ሰው ምን ያደርጋል?» የሚለው ነው። አነጋገሩ ሲሰሙት እውነት ይመስላል። ነገሩን ቀረብ ብሎ ለመረመረ ግን ትክክል ሆኖ አይገኝም።

አስቀድሞ ስለ ሙዚቃው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ፊልሙ የተሠራው በትንሽ ገንዘብ ነው፤ ጠቅላላ ወጪው ወደ 800,000 ዶላር ገደማ ነበር። ለሙዚቃ የተመደበውም ትንሽ ስለ ነበረ ኸርማን ጡሩምባውንም ከበሮውንም ትቶ ለባለ አውታር መሣሪያዎች ብቻ ጻፈ። ነገር ግን ምክንያቱ የገንዘብ እጥረት ብቻ አልነበረም። ፊልሙ በጥቁርና በነጭ የተነሣ በመሆኑ ድምፁም እንደ ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ እንዲሆን ፈልጓል። ከዚህም በላይ ከአንድ ቦታ በቀር በሙዚቃው ሁሉ አውታሮቹ ማፈኛ ተደርጎባቸው እንዲጫወቱ አዘዘ። ያ አንድ ቦታ በመታጠቢያ ቤት ውስጥ ግድያው የሚፈጸምበት ነው። እዚያ ላይ ማፈኛው ይነሣል፤ ቫዮሊኖቹም ይጮኻሉ። ሂችኮክ በመጀመሪያ በዚህ ቦታ ሙዚቃ እንዳይኖር ፈልጎ ነበር፤ ኸርማን የጻፈውን ከሰማ በኋላ ግን ሐሳቡን ለወጠ።

ከግድያው በፊት ያለውንም እናስብ። ማሪዮን 40,000 ዶላር ሰርቃ በመኪና ትሸሻለች። በዓይን የምናየው መሪ ይዛ የተቀመጠች አንዲት ሴት ነው፤ ሌላ ነገር የለም። ፍርሃቷን የሚነግረን በመግቢያው ላይ የሰማነውና እዚህ እንደገና የሚመጣው የአውታሮቹ ጥድፊያ ነው። ሙዚቃውን ብናነሣው ረጅም መንገድ የምትሄድ መንገደኛ ትመስላለች። እንግዲህ በዚህ ሙዚቃ ፍጥነት ማለት ጌጥ አይደለም፤ የነገሩ ልብ ነው። ሸክላዎቹን ስናወዳድር በመጀመሪያ ልንመዝናቸው የሚገባን በዚሁ ነው።

ፊልሙ በወጣ ጊዜ ሙዚቃው በሸክላ አልታተመም። ስለዚህ ዛሬ «የሳይኮ ሙዚቃ» እየተባሉ የሚሸጡት የታወቁት ሸክላዎች በኋላ እንደገና የተቀዱ ናቸው። ዋና ዋናዎቹ ሦስት ናቸው።

አንደኛው በ1960ዎቹ መጨረሻ ኸርማን የለንደን ፊልሃርሞኒክን እየመራ ያስቀዳው ነው። ለሂችኮክ ፊልሞች ከደረሳቸው ሙዚቃዎች መርጦ ባዘጋጀው በዚህ ሸክላ ውስጥ «ሳይኮ» የሩብ ሰዓት ያህል ቦታ ብቻ ይዟል። ደራሲው ቁርጥራጮቹን ራሱ መርጦ እንደ አንድ ትረካ አያይዟቸዋል። ፊልሙን ላላየና በአንድ ማታ ኸርማን ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ለሚፈልግ ይህ ይበቃዋል።

ሁለተኛው በኦክቶበር 1975 በለንደን ናሽናል ፊልሃርሞኒክ በተባለው ኦርኬስትራ የተቀዳው ነው። የመራው አሁንም ኸርማን ነው፤ ከፊልሙ ሙዚቃም ብዙውን ይዟል። የኸርማን ወዳጆች የሚምሉበት ይህ ነው። ነገር ግን ፊልሙን አይቶ ይህን ሸክላ ያደመጠ ሁሉ ልዩነቱን ወዲያው ያገኘዋል፤ አካሄዱ ከፊልሙ በጣም የዘገየ ነው። የማሪዮን ሽሽት ሽሽት መሆኑ ቀርቶ ከባድ ሐዘን ይመስላል።

ሦስተኛው በ1997 ጆኤል ማክኒሊ የስኮትላንድን ሮያል ናሽናል ኦርኬስትራ እየመራ ያስቀዳው ነው። ሙዚቃው ሙሉ ነው፤ ፍጥነቱም ከ1975ቱ ይልቅ ለፊልሙ የቀረበ ነው። ቀረጻው ጥርት ያለ ስለ ሆነ ማፈኛ ያለበትና የሌለበት ድምፅ በግልጽ ይለያል።

እንግዲህ ወደ ክርክሩ እንመለስ። «ደራሲው ራሱ የመራው ይበልጣል» የሚሉ ወገኖች አንድ ነገር ዘንግተዋል። በ1960 ለፊልሙ የተቀዳውንም የመራው ኸርማን ነበር። ስለዚህ በፊታችን የቆሙት ምስክሮች ሁለት ኸርማኖች ናቸው። አንደኛው ገና ሃምሳ ዓመት ያልሞላው፥ ከሂችኮክ ጋር እየተከራከረ ለሥዕሉ የሚጽፈው ነው። ሁለተኛው ሙዚቃውን ከሥዕሉ ለይቶ እንደ ኮንሰርት ሥራ የሚያየው የ64 ዓመት ሰው ነው፤ ይህን ካስቀዳ በኋላ ሦስት ወር ሳይሞላው በዚያው ዓመት በዲሴምበር 24 ሞተ። የደራሲው ስም ለሁለቱም ወገን ይመሰክራልና በስም ብቻ ፍርድ መስጠት አይቻልም። ጆሮን መጠየቅ ግድ ነው።

ይህን ስል የ1975ቱን ሸክላ ለመናቅ አይደለም። በዝግታ ሲሄድ በፊልሙ ውስጥ በጥድፊያ የሚያልፈን ነገር ይሰማል፤ ቪዮላዎቹና ቼሎዎቹ ከሥር የሚሠሩትን መከተል ይቻላል። ሙዚቃ ለሚማር ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ደራሲም በገዛ ሥራው ላይ ሐሳቡን የመለወጥ መብት አለው፤ ኸርማን ራሱ በ1936 ከጻፈው ሲንፎኒዬታ ወስዶ በ«ሳይኮ» ውስጥ ተጠቅሞበታል። ነገር ግን ሁለተኛ ሐሳብ የሚጣፍጠው የመጀመሪያውን ለሚያውቅ ነው። ፊልሙን ሳያውቅ ከ1975ቱ የሚጀምር ሰው ማብራሪያውን ከመጽሐፉ አስቀድሞ እንደሚያነብ ተማሪ ይሆናል።

ሌሎች ደግሞ «እኛ የምንፈልገው የመጀመሪያውን ቴፕ ነው» ይላሉ። በ1998 የወጣ አንድ ሲዲ ከመጀመሪያው ቴፕ የተቀዳ ነኝ ብሎ ነበር፤ ነገር ግን ያለ ፈቃድ የታተመ ነው የሚል ክስ ቀርቦበታል። እንዲህ ላለው ነገር ገንዘብ ከማፍሰስ ፊልሙን ማየት ይሻላል። የ1960ው ሙዚቃ ያለው እዚያ ነውና፤ ንግግሩም ዝናሙም የመኪናው ድምፅም ቢቀላቀልበት ከእውነተኛው ምንጭ ነው። በዚያው በ1998 ፊልሙ በገስ ቫን ሳንት እንደገና በቀለም ሲሠራ ዳኒ ኤልፍማን የኸርማንን ሙዚቃ አስማምቶ አስቀድቶታል፤ ይህም ለሌላ ፊልም የተሰናዳ ስለ ሆነ ከምርጫችን ውጭ ነው።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ገንዘቡ ለአንድ ብቻ የሚበቃ ሰው የ1997ቱን ይግዛ። ለሁለት የሚበቃው የ1975ቱን ይጨምርና አንዱን ከሌላው ጋር እያመሳከረ ያድምጥ። የአጭሩን ትረካ ሸክላ ያገኘም አይለፈው። ከሁሉ በፊት ግን ፊልሙ ይታይ።

ይህን ሁሉ ስለ አንድ አስፈሪ ፊልም መጻፍ ለትምህርት ቤት ሰዎች የማይገባ መስሎ የሚታየው አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ከትምህርታችን የራቀ ነገር ሆኖ አላገኘሁትም። በክፍልም ሆነ በስብሰባ አንድ ሐሳብ ሲቀርብልን ቶሎ የምንጠይቀው «ማን አለው?» ብለን ነው፤ ስሙ ትልቅ ከሆነ ምርመራው እዚያ ላይ ያበቃል። የኸርማን ሁለት ቅጂዎች የሚያስተምሩን ትልቁ ስም ራሱ በሁለት ጊዜ ሁለት ነገር ሊል እንደሚችል ነው። የትኛው እንደሚሻል የሚለይ ሰው የሸክላውን ጀርባ አንብቦ፥ ሁለቱንም ሰምቶ፥ ምክንያቱን መናገር የሚችል ሰው ነው። መምህሮቻችንም እንዲህ ያለውን ተማሪ የሚጠሉት አይመስለኝም። በምርጫዬ የማይስማማ ካለ ሁለቱን ሸክላ አድምጦ መልሱን በዚሁ ጋዜጣ ይጻፍ፤ «ኸርማን ብሏል» የሚለውን ብቻ ግን መልስ ነው ብለን አንቀበለውም።